የዓለት ላብና የእህቴ ክኒን

ማክሰኞ፣ ጁላይ 4

ኒያት ከገደሉ በሰላም ወረደ። ተመስገን። አራት ቀን በገመድ ተንጠልጥሎ ስንጥቃቱን ሲቧጥጥ ሰንብቶ፣ ፊቱ ከስሎ፣ ጉልበቱ ተልጦ፣ ሁለት ከረጢት ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። "እመቤቲቱ፣ ዘንድሮ ዓለቱ በደንብ አልቦታል!" አለኝ እየሳቀ። ባሌ የሚስቀው ከፈራ በኋላ ነው። የት ላይ እንደፈራ አልጠየቅሁትም።

ድንጋዩን ሰብሬ ዘፈዘፍኩት። እስከ ማታ ውሃው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ሽታው ያው የላም ሽንት ነው፤ አፍንጫዬ ከለመደው ቆየ። ነገ በጨርቅ አጠልለዋለሁ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ። እሳት አላስነካውም። የእኛ ሳላጂት፣ ይሄ መድኃኒት የምንለው የዓለት ላብ፣ ስሙ የወጣው በዚህ ነው።

ሳርፋራዝ አዲሱን የጠርሙስ ወረቀት ከኢስላማባድ ላከ። የኒያት አጎት ልጅ ነው፣ በስልክ የሚሸጥልን። ወርቃማ ተራራ ተስሎበታል፤ ከሥሩ በትልቁ "የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያጠነክራል" ይላል። ኒያትን "እውነት ነው እንዴ?" አልኩት።

"አባትሽን አላየሽም? ዘጠና ዓመት ሲኖር አንድ ቀን ጉንፋን ይዞት ያውቃል?"

ልክ ነው። ቁጭ ብዬ ስለጥፍ ዋልኩ።

ከሰዓት ታናሽ እህቴ ላል ፓሪ ድልድዩን ተሻግራ መጣች፣ ዘሪንን አዝላ። ልጅቷ ሁለት ዓመቷን ደፈነች፤ ከበደች። እናቷ ግን... ቀለለች? በኤፕሪል ጊልጊት ከተማ ሆስፒታል ወስጄ ሳስመረምራት ሳንባ ነቀርሳ ነው አሉን። ስድስት ወር፣ በየቀኑ ክኒን። የምናውቀው እኔ፣ እሷና የጤና ሠራተኛዋ ሻሂስታ ብቻ ነን። በእናታችን መቃብር አፈር ስላስማለችኝ ለኒያት እንኳ አልተነፈስኩም። አማቷ "የጨጓራ ነው" ተብለዋል። ባሏ ዋዚር ካራቺ ሆቴል ውስጥ ምግብ ያበስላል፤ እሱም አያውቅም።

"እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"ደህና ነኝ እትዬ፣ ተሽሎኛል። ሳላጂቱ አልቆብኛል።"

አንድ ጠርሙስ ሰጠኋት። ሁለቴ ሳለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።


ሐሙስ፣ ጁላይ 6

ማጠለል። ሦስተኛ ጨርቅ። እጄ ጠቁሮ አልለቅ አለኝ።


ሰኞ፣ ጁላይ 17

ጥሩ ፀሐይ። ሳህኖቹ ላይ ቆዳ እያበጀ ነው።

ያ የወረቀቱ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አባቴ በየክረምቱ የምስር ፍሬ የምታክል በትኩስ ወተት እያሟሟ ይጠጣ ነበር፤ ዘጠና ዓመት ኖረ። እናቴስ? እናቴም ከዚያው ጠርሙስ ትጠጣ ነበር። በአርባ አራት ዓመቷ ሞተች። ስለ አባቴ ሁሉም ያወራል። ስለ እናቴ ጠርሙስ ግን አንድ ሰው ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም... እኔም ራሴ አንስቼ አላውቅም።

ለኒያት ብነግረው "ሥራ ፈትተሻል" ይለኛል።


ረቡዕ፣ ጁላይ 26

ልጻፈው።

ሻሂስታን ወፍጮው ጋ አገኘኋት። ሰላምታ ተለዋውጠን ልንለያይ ስንል ጠጋ ብላ "ክኒኑን ከጊልጊት እያመጣሽላት መሆኑ ጥሩ ነው፤ ግን ካርዷን አንድ ቀን አምጪልኝ፣ ልመዝግበው" አለችኝ።

"የምን ክኒን?"

"የእህትሽን ነዋ። ከጁን አጋማሽ ጀምሮ እትዬ ዶላት ታመጣልኛለች ብላኝ ከእኔ መውሰድ ትታለች።"

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ዱቄቱን እዚያው ትቼው መጥቻለሁ። ኒያት ነው የላከበት።

ስድስት ሳምንት። ስድስት ሳምንት ያለ ክኒን! እኔ ደግሞ በዚያ መሐል ጠርሙስ ሰጠኋት። በገዛ እጄ። ግድግዳውን እያየች ስትስል አይቼ...

ዘሪን በእናቷ ጀርባ ላይ ነው የምትውለው። አፍንጫዋ ትከሻዋ ላይ።


ሐሙስ፣ ጁላይ 27

በጠዋት ሄድኩ። ላል ፓሪ ጣሪያው ላይ አፕሪኮት ፈልፍላ እያሰጣች ነበር። አማቷ ቢቢ ጎሪ ከታች ላም ያልባሉ። ስለዚህ በሹክሹክታ ተጣላን።

"ክኒኑ የት አለ?"

"የቱ ክኒን?"

"አንቺ! እኔ ነኝ ዶላት!"

አንድ አፕሪኮት ከፍታ ፍሬውን አወጣች። ሌላ ከፈተች።

"ያቅለሸልሸኛል እትዬ። ሆዴ ይገለበጣል። ደግሞ ተሽሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሳሉ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በሳላጂቱ እጠነክራለሁ ብዬ..."

"ማን አለሽ?"

"ማን አለኝ? ጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ የለ እንዴ! የለጠፍሽው አንቺ!"

ጥፊ ብታቀምሰኝ ይሻል ነበር። ተቀመጥኩ። አፕሪኮቱ ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ቀሚሴ ተበላሸ። ሳቀችብኝ። ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ቶሎም አልቆመም። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ስትጨርስ አጥፋ ብብቷ ሥር ደበቀችው። "አሳዪኝ" አልኳት። እምቢ አለች። ቀማኋት።

ትንሽ ነው ደሙ። የጥፍር ያህል።

ቢቢ ጎሪ ከታች "ምንድነው የሚያስቃችሁ? ለእኛም ንገሩን እንጂ!" አሉ።


ዓርብ፣ ጁላይ 28

ማክሰኞ ጊልጊት እንሄዳለን። ለአማቷ "የሠርግ ልብስ ልንገዛ ነው" ተባለ። የማን ሠርግ እንደሆነ ገና አልፈጠርነውም።


ማክሰኞ፣ ኦገስት 1

ሄድን። መንገዱ ላይ መሬት ተንሸራቶ ሁለት ሰዓት ቆምን። ላል ፓሪ የሚኒባሱን መስኮት ከፍታ ጭንቅላቷን አውጥታ ተቀመጠች። ሰው ብርድ ነው ዝጊው ሲላት እኔ ተጣላሁላት።

አክታ ሰጠች። የደረት ፎቶ ተነሳች። ዘሪንንም መዘኗት፣ ክንዷ ላይ የምርመራ መርፌ ወጓት፤ ግቢው እስኪሰማ ጮኸች።

ዶክተሯ ሁማ ትባላለች። ወጣት ናት። ትጮህብናለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ይሄ የባሰ አስፈራኝ። "መጀመሪያ ማወቅ ያለብን፣" አለች፣ "ተህዋሱ መድኃኒቱን ለምዶት እንደሆነ ነው። ከለመደው ሌላ ዓይነት ሕክምና ነው፤ ረጅምና ከባድ። ካልለመደው ከዜሮ እንጀምራለን።"

"መቼ ይታወቃል?"

"ማሽኑ ወረፋ አለው። ቅዳሜ ደውሉ።"

ላል ፓሪ ለፎቶው ስትወጣ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጣሁት። ለምን ይዤው እንደሄድኩ እንጃ። ልከሰስ ይሆን?

"ይሄን የምሠራው እኔ ነኝ፣" አልኳት። "ይሄ የተጻፈው... እውነት ነው?"

አነበበችው። ከፍታ አሸተተችው። ፈገግ አለች። "እኔም እኮ የያሲን ሸለቆ ልጅ ነኝ፤ አያቴ በወተት ነው ያሳደገችኝ በዚህ። አሁንም ክረምት ላይ እወስዳለሁ።"

"ታዲያ ይጠቅማል?"

"በላቦራቶሪ የሞከሩት አሉ፣ በአይጥም ሞክረዋል። ተስፋ የሚሰጥ ነገር አይተናል ይላሉ። በሰው ላይ የተሠራው ግን ጥቂት ነው። የመከላከል አቅምን ይደግፋል ወይ ብትዪኝ፣ አላውቅም ነው መልሴ፤ እርግጠኛ ነኝ የሚልሽም ካለ እሱም አያውቅም። በደንብ ካልተጣራ ደግሞ እንደ እርሳስ ያለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። የቲቢን ተህዋስ እንደማይገድል ግን አውቃለሁ። ይሄንን ያለጥርጥር አውቃለሁ።"

ጠርሙሱን መለሰችልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ስከተው እንደ ድንጋይ ከበደኝ።


ረቡዕ፣ ኦገስት 2

ላል ፓሪ የዘሪን ክንድ አበጠ ብላ ደወለች። ማበጥ ምን ማለት ነው? መጥፎ ነው? ሻሂስታን ጠየቅኩ፤ "ተህዋሱ ደርሶባታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ታመመች ማለት ግን አይደለም" አለችኝ። በልቶ ማደር ቀረ።


ሐሙስ፣ ኦገስት 3

ጸሎት ቤት ሄድኩ። እግዜርን ምን ብዬ እንደምለምነው ጠፋኝ። "አልለመደውም በል" አልኩት፤ ለዶክተር እንደሚነገር።


ዓርብ፣ ኦገስት 4

ለኒያት ነገርኩት። አፈሩ ይቅር ይበለኝ። ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ከእጄ አንድ ሸሚዝ ወስዶ አጠፈው። ከዚያ፣ "እኔ ያን ነገር ከገደል የማወርደው ሰው እንዲጠነክርበት ብዬ ነው" አለ። ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ። "ሰው ሊሞትበት ብዬ አይደለም።"

"አንተን ማን ምን አለህ?"

"እኔ ነኝ አባትሽን አላየሽም ያልኩሽ።"

ያስታውሳል ማለት ነው። እኔ ብቻ የማስታውሰው መስሎኝ ነበር።


ቅዳሜ፣ ኦገስት 5

ሦስቴ ደወልኩ። ሁለቱን ጊዜ መስመር የለም። በሦስተኛው አንዲት ሴት አነሳች፣ "ይጠብቁ" አለች፣ ጠበቅኩ፣ ተቋረጠ። ኒያት ስልኩን ከእጄ ወስዶ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ እዚያ ይሻላል። ከታች ሆኜ ሳየው ቆሟል፣ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ለምንድነው የሚነቀንቀው? እሺ ነው ወይስ ወይኔ?

አልለመደውም። መድኃኒቱ ይሠራል። ተህዋሱ ግን በአክታዋ ውስጥ ሞልቷል፤ ከዜሮ ትጀምራለች፣ ስድስት ወር። ዘሪን አልታመመችም፤ የመከላከያ ክኒን ትጀምር ተባለ። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ይመርመሩ ተባለ።

ሁሉ። ቢቢ ጎሪም።

ይሄን እንግዲህ ማን ይነግራቸዋል?


እሑድ፣ ኦገስት 6

አብረን ልንነግራቸው ተስማምተን ነበር የሄድነው። በር ላይ ላል ፓሪ እጄን ያዘችኝ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ማቅለሽለሹ አይደለም።"

"ምኑ?"

"ክኒኑን የተውኩት። ማቅለሽለሹን እችለው ነበር። ክኒኑ ሽንት ያቀላል፣ ነግረውሽ የለ? አንድ ቀን አማቴ ከሽንት ቤት ወጥተው 'ይሄ ደም የማነው?' ብለው ጮኹ። ቀይ ሥር በልቼ ነው አልኩ። በሚቀጥለውስ ቀን? በየቀኑ ቀይ ሥር ልብላ? ክኒኑን ደግሞ ዱቄት ውስጥ፣ ፍራሽ ውስጥ፣ የት ልደብቀው... ያንቺን ሳላጂት ግን ፊታቸው ቁጭ ብዬ ነው የምጠጣው። 'ጎሽ፣ ጠጪ፣ ያጠነክርሻል' ይሉኛል። ወተቱንም የሚያሞቁልኝ እሳቸው ናቸው።"

አቀፍኳት። ደንቆሮ ነሽ ልላት ነበር፤ አልወጣልኝም። አሥር ቀን ሙሉ በወረቀቱ ስቃጠል... ወረቀቱ ብቻ አልነበረማ። ቢሆንም ወረቀቱም አለበት።

ገባን። ቢቢ ጎሪ የጨው ሻይ ቀዱልን። እኔ ጀመርኩ፣ ተንተባተብኩ። ላል ፓሪ አቋረጠችኝና በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። "እማማ፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞኛል። ከኤፕሪል ጀምሮ።"

ሴትዮዋ ተነሱ፣ ዘሪንን ከእናቷ ጭን ብድግ አደረጓትና ወደ ጓዳ ገቡ። በሩ ተዘጋ። የላል ፓሪን ኩባያ ነክተው አላነሱትም።


ሰኞ፣ ኦገስት 7

ቢቢ ጎሪ አላናገሯትም። ምግቧን በር ላይ አስቀምጠውላት ሄዱ። "እትዬ መጥተሽ ውሰጂኝ" ብላ ደወለች። ልሂድ?

ኒያት "ጠብቂ፣ የሰው ቤት ነው" አለ። ከዚያ ደግሞ ራሱ ጫማውን አደረገ። መልሶ አወለቀው።


ማክሰኞ፣ ኦገስት 8

ዋዚር ከካራቺ ደወለላት። እናቱ ናቸው የነገሩት። "ታዲያ ክኒኑን ዋጥሽ?" አላት። "ዋጥኩ።" "በቃ ነገም ዋጪ" ብሎ ዘጋው። መቆጣቱ ነው መፍራቱ? አላወቀችም።


ረቡዕ፣ ኦገስት 9

ሄድኩ። ልወስዳት ብዬ ነው የሄድኩት፤ ልብሷን የምይዝበት ከረጢትም ይዤ ነበር።

ቢቢ ጎሪ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። "ያ ከረጢት ለምንድነው?" አሉ። "ቁጭ በዪ።"

ተቀመጥኩ።

"ታላቅ እህት ነበረችኝ" አሉ። ሌላ ቦታ እያዩ። "ይሄው በሽታ ያዛት። አባቴ ከላሞቹ ጋር አስተኟት። ምግቧን በረጅም እንጨት እየገፋሁ የምሰጣት እኔ ነበርኩ፣ የአሥር ዓመት ልጅ። አንድ ቀን 'ጎሪ፣ አንዴ ግቢና ፀጉሬን ሥሪኝ' አለችኝ። ፈራሁ። ሮጥኩ። ክረምቱን አልጨረሰችም።"

ከረጢቱን እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።

"ሦስት ቀን ሙሉ ለዚህችኛዋ ምግቧን በር ላይ ሳስቀምጥ ያ እንጨት በእጄ ያለ ይመስለኛል።" ተነሱ። "ሻሂስታ 'ክኒን ከጀመረች ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ተጠንቀቁ፣ መስኮት ክፈቱ' አለችኝ። እውነት ነው?"

"ዶክተሯም እንደዚያ ነው ያለችው።"

"ከዚያ በኋላስ ሰው አትይዝም?"

"ክኒኑን ካላቋረጠች።"

"አታቋርጥም!" አሉ፤ የዋናውን በር በእግራቸው ገፉት። "አንቺ ልጅ! ነይ ውጪ፣ ፀሐይ ነው! ፀጉርሽ ምንድነው እንደዚህ፣ የቁራ ጎጆ!"

ከረጢቱን አጥፌ ቀሚሴ ሥር ሸጎጥኩት።


እሑድ፣ ኦገስት 20

ወረቀቱን ስልጥ ዋልኩ። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ በሙቅ ውሃ ነው የለቀቀው። ሳርፋራዝ ደወለ።

"እትዬ ዶላት፣ አብደሻል? ያን ቃል አይቶ ነው እኮ ሰው የሚገዛው!"

"ለዚህ ነው የላጥኩት።"

"ሁሉም እኮ ይጽፈዋል! የእኛ ደግሞ ንጹሕ ነው፣ እንደሌላው ሬንጅ የተቀላቀለበት አይደለም።"

"ንጹሕ ነው ብለህ ጻፍ። በፀሐይ የደረቀ ነው ብለህ ጻፍ። ከሥሩ ደግሞ 'ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ' በል።"

"ሲጋራ ነው እንዴ የምንሸጠው?"

ኒያት ስልኩን ወስዶ "ስማ፣ ገደሉ ላይ የምንጠለጠለው እኔ ነኝ፤ እሷ የምትለውን ጻፍ" አለው።

ንጹሕ ነው አልኩ እንጂ... እንዴት ነው የማውቀው? ከእናቴ ያየሁት ሦስት ጨርቅና ፀሐይ ብቻ ነው። አንድ ጠርሙስ ኢስላማባድ ላቦራቶሪ ይሂድ አልኩ። ውጤቱ እስኪመጣ አልሸጥም። ኒያት በዚህኛው ደስ አላለውም፤ ግን እምቢም አላለም።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 14

ከላቦራቶሪው ውጤቱ መጣ። እርሳሱ ከልኩ በታች ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሰላም ተኛሁ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ላል ፓሪ አራት ኪሎ ጨመረች። ቢቢ ጎሪ ራሳቸው የጨመሩት ያህል ያወሩታል። የእሳቸው ምርመራ ንጹሕ ወጣ። ዘሪን ክኒኗን ትተፋለች፤ በማር አሽተው ይሰጧታል።


እሑድ፣ ዲሴምበር 17

ዛሬ ሳለች። ሁለቴ። ጉንፋን ነው ትላለች። ቤቱ ሁሉ ጉንፋን ይዞታል፣ እኔም ጭምር። ግን እኔ እንዴት ልመን? ሌላው ሰው ሲስል አልሰማም፤ የእሷን ግን ከወንዙ ማዶ የምሰማው ይመስለኛል።


ረቡዕ፣ ዲሴምበር 20

ጉንፋን ነበር።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 13

አክታዋ ንጹሕ ነው። ዶክተር ሁማ ካርዱ ላይ "ጨርሳለች" ብላ ጻፈች። ላል ፓሪ ካርዱን ለመንገደኛው ሁሉ ታሳያለች ብዬ ነበር። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከአማቷና ከሻሂስታ ሌላ መንደሩ ያው የጨጓራ ነው የሚያውቀው።

እኔ መደሰት አልቻልኩም። ዛሬም ሳሏን እየጠበቅሁ ነው። ይሄ መቼ ነው የሚለቀኝ?


እሑድ፣ ማርች 24

ዛፎቹ አብበዋል። ላል ፓሪ ማጣሪያ ጨርቆቹን ልታጥብልኝ መጥታ ግቢ ውስጥ ነበርን። ከላይኛው መንደር አንዲት ሴት መጣች። መልኳን አውቀዋለሁ፣ ስሟን አላውቅም ነበር፤ ዛርቡኑ ትባላለች።

"ሳላጂት ፈልጌ ነው። ለባሌ። ብርድ መትቶት ነው" አለች።

"ከመታው ስንት ጊዜው ነው?"

"ጥቂት ነው... ወር። ወር ከምናምን።"

"ይስላል?"

ወደ በሩ አየች። "ጨጓራም አለበት" አለች።

ጠርሙሱን ለማንሳት የዘረጋሁት እጄ መንገድ ላይ ቀረ። ምን ብዬ ልናገር? ብነግራት ሸሽታ ትሄዳለች፤ ዝም ብዬ ብሰጣት...

ላል ፓሪ እርጥቡን ጨርቅ ጨመቀችው። ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ጎረቤታችን ከግንቡ ማዶ ልብስ እያሰጣች እያለ፣ "እኔም ጨጓራ ነው እል ነበር" አለች። "ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ስድስት ወር ክኒን ዋጥኩ፣ ዳንኩ። ይሄን ጥቁር ነገር ስጠጣ ግን ልሞት ነበር።"

ከግንቡ ማዶ ልብስ ማራገፉ ቆመ።

ዛርቡኑ ቆማ ቀረች። መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ነበር፤ ቀስ ብላ አወረደችው። የጠየቀችው ስለ ክኒኑ አልነበረም።

"ባልሽስ... አልፈታሽም?"

"በምን አቅሙ?" አለች ላል ፓሪ። "እናቱን ማን ያስፈቅድለታል?"

ሴትየዋ ሳቀች። ወዲያው አለቀሰች። ዓይኗን ጠርጋ "ሻሂስታ ዛሬ እሑድ ቤቷ ትኖራለች?" አለችን። ትኖራለች አልን። "እናንተም ትመጣላችሁ?" እንመጣለን አልን።

"እንግዲያ ባሌን ልጥራው፣ ድልድዩ ጋ ትቼው ነው። እንዳትሄዱብኝ።"

ግንቡ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው።